አንዲት ጌም
ስለ ስዊድናዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ስለ ወይዘሮ ሲግሪድ ፊክ

(በተማሪዎች ማኅበር የስፖርት ክፍል ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)




የስፖርት ክፍላችን ጸሐፊ ዛሬ እንድናገር ሲጋብዘኝ «ስለ አንድ ታላቅ አሸናፊ ንገሪን» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ብዙ ጊዜ ስለ ተሸነፉ አንዲት ሴት ለመናገር ነው። ምክንያቴን ሳልደብቅ ከመነሻው ልግለጽ። እንደምታውቁት በሚመጣው ሳምንት በጠቅላላው ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። ሐሳቡም ለሴቶች ተማሪዎች የተመደበው የቴኒስ ሜዳ ሰዓት፤ ይኸውም የማክሰኞና የሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ ከእኛ ተወስዶ ለዋንጫ ለሚዘጋጁት ወንዶች ይሰጥ የሚል ነው። ለዚህ የቀረበው ምክንያት አጭር ነው፤ «ሴቶቹ እስካሁን ያመጡት ነገር የለም» ይላል።

እውነት ነው፤ አላመጣንም። ባለፈው ዓመት ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር በተደረገው ግጥሚያ ከተሸነፉት አንዷ እኔ ነኝ። ሁለቱንም ዙር ተሸንፌ፤ ራኬቴን በብብቴ ይዤ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ አንድ ወንድማችን በመንገድ አገኘኝና «ደኅና ዋልሽ? ጨዋታው መቼ ነው የሚጀመረው?» ሲል ጠየቀኝ። ስሙን አልጠራም፤ አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚሰማኝ እሱ ራሱን ያውቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ በልቤ ሲመላለስ ቆይቷል። የስፖርት ሰው ድካም የሚመዘነው በምንድን ነው? ባመጣው ዋንጫ ብቻ ከሆነ፤ ዋንጫው አንድ፤ ተጫዋቹ ግን ብዙ ስለ ሆነ፤ አብዛኛው ሰው በከንቱ ደክሟል ማለት ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው ከወይዘሮ ሲግሪድ ፊክ ታሪክ ጋር የተገናኘሁት።

ስዊድንንና የስፖርት ሰዎቿን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በሻምበል አበበ ቢቂላ አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን በኩል ነው። አበበ በ1960 በሮም፤ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፍ ያዘጋጁት እኒህ ሰው በፊንላንድ ተወልደው በኋላ ስዊድናዊ የሆኑ ናቸው። ወይዘሮ ፊክም ልክ እንደዚሁ በፊንላንድ ተወልደው ለስዊድን የተጫወቱ ነበሩ። የተወለዱት በ1887 በሄልሲንኪ ከተማ ሲሆን የቤተ ሰባቸው ስም ፍሬንኬል ይባል ነበር። በዚያ ጊዜ ፊንላንድ ነፃ አገር አልነበረችም፤ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ሥር የምትተዳደር ግዛት ነበረች። ነፃነቷን ያገኘችው በ1917 ነው። ሲግሪድ ፍሬንኬል ግን ከዚያ በፊት ትዳር ይዘው፤ ፊክ ተብለው፤ ኑሯቸውንና ጨዋታቸውን ወደ ስዊድን አዛውረው ነበር።

በስዊድን ቴኒስ የተጀመረበት መንገድ ራሱ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ዛሬ የምናውቀው የቴኒስ ጨዋታ በ1870ዎቹ በእንግሊዝ አገር የተደነገገ ነው። የስዊድን አልጋ ወራሽ የነበሩት ጉስታፍ ወደ እንግሊዝ በሄዱ ጊዜ ጨዋታውን ወደዱት፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱም በስዊድን የመጀመሪያውን የቴኒስ ክበብ አቋቋሙ። በ1907 ጉስታፍ አምስተኛ ተብለው ከነገሡ በኋላም ራኬታቸውን አላስቀመጡም። በውድድር ላይ ስማቸውን «ሚስተር ጂ» ብለው እያስመዘገቡ ይጫወቱ ነበር፤ እስከ እርጅናቸውም ድረስ ቴኒስን አልተዉም። ያረፉት በ1950 ነው። የስዊድን ክረምት ረጅምና በረዶ የበዛበት ስለ ሆነ በሜዳ ላይ መጫወት የሚቻለው በጥቂት ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ ጨዋታው በሁለት ዓይነት አደገ፤ አንዱ በውጭ ሜዳ፤ ሌላው ጣራ ባለው አዳራሽ ውስጥ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። በዚያ ዘመን በስዊድን ቴኒስ የድሀ ጨዋታ አልነበረም። ለተጫዋች ገንዘብ አይከፈልም ነበር፤ ስለዚህ የሚጫወተው ሌላ መተዳደሪያና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ነው። የወይዘሮ ፊክ የጨዋታ ጓደኛ የነበሩት ጉናር ሴተርቫል ከእሳቸው ሌላ ከሁለት ወንዶች ጋር ተጣምረው ሜዳልያ አግኝተዋል። ከሁለቱ አንዱ ቮልማር ቦስትረም ኋላ በዋሽንግተን የስዊድን መንግሥት መልእክተኛ ሆኑ፤ ሁለተኛው ካርል ኬምፔ ደግሞ የታወቁ የኢንዱስትሪ ባለቤትና የቻይና ጥንታዊ የጥበብ ዕቃዎች ሰብሳቢ ነበሩ። እንግዲህ የምነግራችሁ ከችግር ተነሥተው ስለ ታገሉ ሰዎች አይደለም። ሆኖም ባለጠጋ ሴት ብትሆንም ሴት በመሆኗ ብቻ የሚዘጋባት በር ነበር፤ የእኔም ነገር ያለው በዚያ በር ላይ ነው።

በሩን በመጀመሪያ የገፉት ወይዘሮ ማርታ አድለርስትሮሌ የተባሉ ሴት ናቸው። በ1908 በለንደን በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ፤ በአዳራሽ ውስጥ በተካሄደው የሴቶች የነጠላ ቴኒስ ሦስተኛ ወጥተው የነሐስ ሜዳልያ አገኙ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ነበር። በኦሊምፒክ ሜዳልያ ያገኙ የመጀመሪያዋ ስዊድናዊት ሴትም እሳቸው ሆኑ። በዚያው ውድድር ጉናር ሴተርቫልና ቦስትረም በወንዶች የጥንድ ጨዋታ ነሐስ ወሰዱ።

ከአራት ዓመት በኋላ፤ በ1912፤ የኦሊምፒክ ጨዋታ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ተደረገ። ቴኒስ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ተካሄደ። አንደኛው በግንቦት ወር በአዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ሁለተኛው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ በውጭ ሜዳ ላይ። ለአዳራሹ ውድድር የእንግሊዝ ታላላቅ ተጫዋቾች መጡ። ለውጭው ግን አልመጡም፤ የራሳቸው የዊምብልደን ውድድር በዚያው ሰሞን ስለ ነበረ ነው።

ወደ ስቶክሆልም ከመጡት ከሁለት ሺሕ በላይ ተወዳዳሪዎች መካከል ሴቶቹ አምሳ አይሞሉም ነበር። የተፈቀደላቸውም በቴኒስ፤ በዋናና ወደ ውሃ በመዝለል ብቻ ነው። በሩጫ አንዲት ሴት አልነበረችም። የዘመኑን ኦሊምፒክ የመሠረቱት ባሮን ፒየር ደ ኩበርተን ራሳቸው ሴቶች በኦሊምፒክ መወዳደራቸውን በጽሑፍ የተቃወሙት በዚያው በ1912 ነው። ስለዚህ ዛሬ በእኛ ማኅበር የተነሣው ክርክር አዲስ አይደለም፤ ከእኛ የበለጠ ማዕርግ ያላቸው ሰዎችም ተከራክረውበታል።

በቴኒስ ውስጥ ግን አንድ ልዩ ጨዋታ ነበረ። ይኸውም ወንድና ሴት በአንድ ወገን ሆነው ሌላ ወንድና ሴት የሚገጥሙበት የድብልቅ ጥንድ ጨዋታ ነው። በዚያ ዓመት የሴቶች የጥንድ ጨዋታ ስላልነበረ አንዲት ሴት መወዳደር የምትችለው ወይ ብቻዋን ወይም ከወንድ ጋር ተጣምራ ነበር። የዚህን ጨዋታ ሕግ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አራቱም ተጫዋቾች ኳሱን በየተራ ያስጀምራሉ። ነጥቡ ሲቆጠር ወንዱ ያመጣው ይህን ያህል፤ ሴቷ ያመጣችው ይህን ያህል ተብሎ አይለያይም። ኳሱ ከመስመር ውጭ ከወጣ ጥፋቱ የሁለቱ ነው፤ ከመረቡ ማዶ በሜዳው ካረፈና ካልተመለሰ ትርፉ የሁለቱ ነው። በመጨረሻም ሜዳልያው ለሁለቱ እኩል ይሰጣል። በሌላው ስፖርት ሁሉ ሴት ከወንድ ተለይታ በቆመችበት ወይም ጨርሶ ባልገባችበት ዘመን፤ በዚህ ጠባብ ሜዳ ላይ ሒሳቡ አንድ ነበር።

ወይዘሮ ፊክ በዚያ ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበሩ። በአዳራሹ ውድድር በነጠላ ጨዋታ አራተኛ ወጡ። አራተኛ መውጣት ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ የሮጠ ያውቀዋል፤ ሜዳልያው እስከሚሰጥበት በር ድረስ ደርሶ መመለስ ነው። በድብልቅ ጥንድ ግን ከጉናር ሴተርቫል ጋር ሆነው የነሐስ ሜዳልያ አገኙ። ሴተርቫልም በዚያው አዳራሽ ከካርል ኬምፔ ጋር በወንዶች ጥንድ የብር ሜዳልያ ወሰዱ።

ቀጥሎ የውጭው ውድድር መጣ። በኤስተርማልም ሜዳ ላይ ወይዘሮ ፊክና ሴተርቫል እስከ ፍጻሜው ግጥሚያ ደረሱ። የገጠሟቸው ጀርመናውያን ዶራ ከሪንግና ሃይንሪኽ ሾምቡርክ ነበሩ። በዚህ ግጥሚያ ላይ ነው ያ አሳዛኝ ነገር የደረሰው። ሴተርቫል ኳሱን ለመምታት ራኬታቸውን ሲሰነዝሩ በድንገት የገዛ ጓደኛቸውን የወይዘሮ ፊክን ፊት መቱ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ጨዋታ እንደ መጀመሪያው ሊሆን አልቻለም። ጀርመኖቹ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 4፤ ሁለተኛውን 6 ለ 0 አሸነፉ። ለስዊድኖቹ የብር ሜዳልያ ቀረላቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ለረጅም ሰዓት አሰብሁበት። በጥንድ ጨዋታ ከጠላት ኳስ ይልቅ የወዳጅ ራኬት የሚጎዳበት ቀን አለ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች አንዱን ኳስ ለማዳን እኩል ሲሮጡ ይጋጫሉ። ግን የሚጋጩት ሁለቱም ስለሚሮጡ ነው፤ አንዱ ዳር ይዞ ቢቆም ኖሮ አይጋጩም ነበር። ቁም ነገሩ ከተመታች በኋላ ሴቷ ከሜዳው አለመውጣቷ ነው። 6 ለ 0 ተብሎ የተመዘገበው ዙር ለማንም የሚያኮራ ቁጥር አይደለም፤ ነገር ግን ጨዋታው እስከ መጨረሻው ኳስ ድረስ መካሄዱን ይመሰክራል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ድር ሲያብር መጠላለፍም እንዳለበት ግን የሚያውቀው ፈታዩ ነው።

በዚያው ሜዳ በሴቶች የነጠላ ጨዋታ የነሐስ ሜዳልያ ያገኙት ኖርዌያዊቷ ሞላ ብዩርስቴት ነበሩ። እኒህ ሴት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው፤ ከ1915 እስከ 1926 ባለው ጊዜ የአሜሪካን የነጠላ ሻምፒዮናነት ስምንት ጊዜ አሸነፉ። ስማቸውም በዓለም ተሰማ። ወይዘሮ ፊክ ግን በስዊድን ቀሩ። ሁለቱም መንገድ የተከበረ ነው፤ ስለ ሁለተኛው ግን የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።

የሚቀጥለው ኦሊምፒክ በ1916 በበርሊን ሊደረግ ታስቦ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ አልተደረገም። አንድ ተጫዋች ጉልበቱ በሚሞላበት ዕድሜ ላይ ለወይዘሮ ፊክ የኦሊምፒኩ በር በጦርነት ተዘጋ። እንደገና በ1920 በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ ሲከፈት ዕድሜያቸው ሠላሳ ሦስት ሆኖ ነበር። እሳቸውም ሄዱ።

በአንትወርፕ የጠበቀቻቸው ተጫዋች ማን እንደ ሆነች ቴኒስ የሚያውቅ ሁሉ ሲሰማ ይደነግጣል። ፈረንሳዊቷ ሱዛን ሌንግሌን ናት። በዚያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ የዊምብልደንንም ሻምፒዮናነት በ1919 እና በ1920 ወስዳለች። በረጅም ቀሚስና በጠባብ መታጠቂያ ይጫወቱ በነበሩት ሴቶች መካከል ክንዷን አጋልጣ፤ ቀሚሷን አሳጥራ፤ እንደ ዳንኪረኛ እየዘለለች የምትጫወት ነበረች።

ወይዘሮ ፊክ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱና ከእሷ ጋር ተገናኙ። ሌንግሌን የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 0፤ ሁለተኛውን 6 ለ 1 አሸነፈች።

አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንዳንዶች ፈገግ ሲሉ አያለሁ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ ብዬ ነበር፤ የእኔው ውጤት ከዚህ ብዙም አይርቅምና። ነገር ግን የውድድሩን መዝገብ በሙሉ ብትመለከቱት ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ሱዛን ሌንግሌን በአንትወርፕ የነጠላውን ወርቅ እስክትወስድ ድረስ አሥር ዙር ተጫውታለች። በአሥሩ ዙር ያጣችው ጌም አራት ብቻ ነው። ከአራቱ ሦስቱን በፍጻሜው ግጥሚያ የወሰደችባት እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሆልማን ናት። ከእሷ ሌላ አንዲት ጌም የቀማቻት ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የስዊድኗ ሲግሪድ ፊክ ናት።

ቴኒስ ለማታውቁ ላስረዳ። አንድ ጌም በአንድ ኳስ አይገኝም። ቢያንስ አራት ነጥብ ማግኘት፤ ተቃዋሚንም በሁለት ነጥብ መብለጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ያቺ ጌም በዕድል ከሰማይ የወረደች አይደለችም። በዓለም ላይ ማንም ሊመልሰው የማይችል ኳስ የምትመታው ሴት ፊት ቆሞ፤ ዙሩን በዜሮ ከተሸነፉ በኋላ፤ ነጥብ በነጥብ ላይ ጨምሮ መሥራት ይጠይቃል። ሌሎቹ ሴቶች ያላደረጉትን ወይዘሮ ፊክ አደረጉ። አላሸነፉም፤ ነገር ግን ባዶ እጃቸውን አልወጡም።

ለሦስተኛነት በተደረገው ግጥሚያ ደግሞ ከእንግሊዛዊቷ ከኪቲ ማኬን ጋር ተጫውተው ተሸነፉ። እንደገና አራተኛ ሆኑ ማለት ነው። ይህች ማኬን በ1924 እና በ1926 የዊምብልደን ሻምፒዮን ለመሆን የበቃች ናት። እንግዲህ ያሸነፏቸውን ሰዎች ስም ስትቆጥሩ የተሸናፊዋም ደረጃ ይታወቃል።

በ1924 ኦሊምፒክ በፓሪስ ተደረገ። ወይዘሮ ፊክ በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው ለሦስተኛ ጊዜ ተመዝግበው ተጫወቱ። በዚያ ጊዜ ሜዳልያ አላገኙም። የነጠላውን ወርቅ የወሰደችው አሜሪካዊቷ ሄለን ዊልስ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ወይዘሮ ፊክ በስቶክሆልም ብራቸውን ሲቀበሉ ይህች ልጅ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። ሰው ልጁ ልትሆን ጥቂት ከቀራት ልጅ ጋር በአንድ ውድድር ለመመዝገብ ምን ዓይነት ልብ እንደሚያስፈልገው ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ከፓሪስ በኋላ የዓለም የቴኒስ ማኅበርና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ማን ያለ ክፍያ የሚጫወት ተብሎ ይቆጠራል በሚለውና በሌሎችም ጉዳዮች ስላልተስማሙ ቴኒስ ከኦሊምፒክ ወጣ። በሙሉ መብት የተመለሰው ከስድሳ አራት ዓመት በኋላ፤ በ1988 በሴኡል ነው። ጉናር ሴተርቫል በ1928 በአርባ ስድስት ዓመታቸው ሞቱ። ወይዘሮ ፊክ ግን ረጅም ዕድሜ ኖረው በ1979 በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ቢዮርን ቦርግ የተባለ የስዊድን ልጅ ከ1976 እስከ 1978 ዊምብልደንን በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ ነበር። ከእሱም በኋላ ማትስ ቪላንደርና ስቴፋን ኤድበርግ ተነሥተው የትንሿን አገር ስም በቴኒስ ዓለም ከፍ አደረጉት።

ቦርግ ከወይዘሮ ፊክ ተማረ ብዬ አልዋሽም። የምለው ይህን ነው። አንድ ጨዋታ በአንድ አገር ሥር የሚሰደው የሚያሸንፍ ሰው ከመምጣቱ በፊት ነው። ሜዳው መስተካከል፤ ክበቡ መቆም፤ መረቡ በየዓመቱ መወጠር አለበት። ይህንም የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ የማያሸንፉት ናቸው። ስዊድን በወንዶች የዴቪስ ካፕ ውድድር የገባችው በ1925 ነው፤ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው ግን በ1975 ነው። በመካከሉ አምሳ ዓመት አለ። በእነዚያ አምሳ ዓመታት አንድ ሰው ተነሥቶ «እስካሁን ያመጣችሁት ነገር የለም» ብሎ ሜዳውን ዘግቶት ቢሆን ኖሮ ቦርግ የት ይጫወት ነበር?

አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ ቦርግንና ኤድበርግን ያፈራች አገር እስከ 2024ቱ የፓሪስ ጨዋታ ድረስ በኦሊምፒክ ቴኒስ የወርቅ ሜዳልያ አላገኘችም። ኤድበርግ በ1988 ያገኘው ነሐስ ነው። ብር ያገኘችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱ በ1912 በስቶክሆልም፤ ሦስተኛው በ2008 በቤጂንግ በወንዶች ጥንድ። ከሴቶችም በኦሊምፒክ ቴኒስ ሜዳልያ ያገኙት ስዊድናውያን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ወይዘሮ አድለርስትሮሌና ወይዘሮ ፊክ። በራኬት ፊታቸውን ተመትተው የተሸነፉበት ያ ግጥሚያ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም፤ አገራቸው በኦሊምፒክ ቴኒስ ከደረሰችበት ከፍተኛ ቦታ አንዱ ሆኖ ቀርቷል። በዚያን ዕለት ከሜዳው ሲወጡ ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልመለስና ንግግሬን ልፈጽም።

እኛ ሴቶቹ ሜዳውን በችሮታ ስጡን አንልም። ዋንጫ የሚጫወቱት ወንድሞቻችን መለማመጃ እንደሚያስፈልጋቸውም እናውቃለን። ስለዚህ ለጠቅላላው ስብሰባ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፤ የማክሰኞው ሰዓት እንደ ነበረ ለሴቶች ይቆይ፤ የሐሙሱ ደግሞ የድብልቅ ጥንድ ይሁን። ወንዶቹ ሳይከለከሉ፤ ሴቶቹም ሳይባረሩ ሁሉም ይለማመዳል። ራኬት ያላችሁ ወንድሞቻችን ግን ስትሰነዝሩ ከአጠገባችሁ ሰው እንዳለ እንድታስታውሱ ከወዲሁ አደራ እላለሁ።

ሁለተኛው ስለ መዝገብ ነው። የእኛ የስፖርት መዝገብና ይህ የማኅበራችን ጋዜጣ እስካሁን የሚጽፉት ያሸነፈውን ሰው ስም ብቻ ነው። የተሸነፈው ማን እንደ ሆነ፤ በስንት ለስንት እንደ ተሸነፈ አይገኝም። ወይዘሮ ፊክ ከሱዛን ሌንግሌን የወሰዷትን አንዲት ጌም ዛሬ እኔ ላወራችሁ የቻልሁት በአንትወርፕ አንድ ጸሐፊ «6 ለ 0፤ 6 ለ 1» ብሎ ስለ ጻፈ ነው። «ሌንግሌን አሸነፈች» ብሎ ቢያቆም ኖሮ ያቺ ጌም እንዳልተጫወተች ትቆጠር ነበር። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የእያንዳንዱ ግጥሚያ ውጤት፤ የተሸናፊው ጭምር፤ በሙሉ እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ። ለመጀመሪያው ገጽ የሚሆን እኔው አለኝ። ባለፈው ዓመት የተሸነፍሁት 6 ለ 1፤ 6 ለ 2 ነው። ሦስት ጌም ወስጃለሁ፤ ይጻፍልኝ።

ያንን በመንገድ ላይ የጠየቀኝን ወንድማችንንም ዛሬ መልሱን ልስጠው። ጨዋታው ተጀምሯል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራኬትህን ይዘህ ና፤ ጓደኛ የሚሆንህ አታጣም።